ሦስተኛው ሹል

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ጠፋ። አልቀነሰም፣ አልደበዘዘም፤ ጭራሽ የለም።

የማማክረው የማስተርስ ተማሪ ኡጁሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። አቧራ እንዳይገባበት ላፕቶፑን በሸሚዙ ጠቅልሎ እሱ በካናቴራ ቀርቷል። ደህና አደርክ ሳልለው "ቲቸር፣ ሦስተኛው ሄደ" አለኝ። የት ሄደ አልኩት። "መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሸሸ። እርምጃውን በግማሽ ሳሳንሰው ደግሞ ሸሸ። ከዚያ በኋላ የለም።"

ሦስቱን ግራፎች ጎን ለጎን ስሎ አሳየኝ። ቁጭ ብዬ አየሁ። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። ተመልሼ አየሁ።

ጭንቅላቴ ሲታወክ ከሀ ጀምሬ መጻፍ ይረዳኛል፤ ስለዚህ ከሀ።

አቶሞች ፍጹም ወደሚባለው ቅዝቃዜ ተጠግተው ሲቀዘቅዙ መንቀሳቀሳቸውን ሊያቆሙ ይደርሳሉ። ያን ጊዜ ሁለት አቶሞች ሲገናኙ ይሳሳቡ ወይስ ይገፋፉ የሚለውን ከውጭ ሆኖ በማግኔት ማስተካከል ይቻላል። የማግኔቱን ኃይል ቀስ እያሉ ሲጨምሩ አንድ ቦታ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ጥንድ የሚሆኑበት ጉልበትና ተለያይተው የሚኖሩበት ጉልበት እኩል ይሆናል። እዚያች ቦታ ላይ ያብዳሉ። ከቦታዋ በአንዱ ወገን እጅግ ይሳሳባሉ፣ በሌላው ወገን እጅግ ይገፋፋሉ። ግራፍ ላይ ሲሳል እንደ ጦር ጫፍ ሹል ሆኖ ይወጣል። ሬዞናንስ የምንለው እሱን ነው። በሌላው ዓለም ማግኔትና ሌዘር ያላቸው ሰዎች ቦታውን አውቀው ማግኔታቸውን እዚያ ላይ ያደርጉና አቶሞቹን እንደፈለጉ ያዝዛሉ።

እኛ ማግኔቱም ሌዘሩም የለንም። ያለን አንድ ፕሮግራም ነው። ሁለቱን አቶሞች ከቅርብ አንሥቶ እስከ ሩቅ በትናንሽ እርምጃ እየተራመደ ያሰላል። እርምጃው ሰፊ ከሆነ ቶሎ ይጨርሳል፣ ግን ብዙ ነገር ዘሎ ያልፋል። ጠባብ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ በዚህ ከተማ መብራት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚባል ነገር የለም።

ፕሮግራማችን ለፖታሲየም ሦስት ሹል አወጣ። ሁለቱን ሌሎች ሰዎች ቀድመው በላቦራቶሪ አግኝተዋቸዋል። ሦስተኛውን ማንም አላየውም። "የኛ" ነው አልን። ጽሑፉን ላክን፣ መጽሔቱ ተቀበለው፣ ሊታተም ነው።

እውነተኛ ሬዞናንስ የእኛን እርምጃ አያውቅም። ብናሰፋውም ብናጠበውም ቦታው ላይ ይቆማል። ሁለቱ ቆመዋል። ሦስተኛው እኛ የፈጠርነው ውሸት ነው።

ከኮርኒሱ በላይ የሌሊት ወፎች አሉ። በዚህ ሙቀት ሽታቸው ይወርዳል፤ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ምላስ ላይ ይቀራል። ስምንት ዓመት እዚህ አስተምሬ ያልለመድኩት እሱን ብቻ ነው እል ነበር።

ኡጁሉ ሲወጣ "አዝናለሁ ቲቸር" አለኝ። ምን አድርጎ ነው የሚያዝነው?


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ለዶክተር ገረመው ነገርኩት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፣ የጽሑፉም የመጀመሪያ ስም የእሱ ነው። ሐሙስ ለእንግዶች "ግኝቱን" ያቀርባል። ፕሮፌሰር ለመሆን ያስገባው ፋይል ውስጥም ይኸው ጽሑፍ ከላይ ተቀምጧል።

ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማኝ። ምሳ በልቶ ገና መምጣቱ ነበር። ያወጣውን ነገር አየት ያደርገዋል፣ ይተፋዋል፣ ይቀጥላል።

"እርምጃውን አሳንስ ብሎ ማን አዘዘው?" አለኝ መጀመሪያ።

ማንም አላዘዘውም፣ ራሱ አስቦ ነው አልኩ።

"ይኸው እንግዲህ። ያልታዘዘውን የሚሠራ ተማሪ።"

ዶክተር፣ ሹሉ እውነት አይደለም አልኩት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አባት ሆኖ፦ "ሕይወት፣ ስሚኝ። ይህንን ማን ሊፈትሸው ነው? ይህች ጠባብ ነገር ናት። ለማየት ስንት መሣሪያ ይፈልጋል። ቢፈልጉ እንኳ አላገኘናትም ይላሉ፤ እኛ ደግሞ መሣሪያችሁን አሻሽሉ እንላለን። ሐሙስ ይለፍ። ከዚያ ቀስ ብለን እናያለን።"

ሰው ማግኔቱን እዚያ ላይ አድርጎ ወራት ያባክናል አልኩት። የአንድ ሰው የዶክትሬት ሥራ ሊሆን ይችላል።

"የማናውቀው ሰው" አለኝ።

ከዚያ ስንጥሩን ሰበረና አመድ መተርኮሻው ላይ ጣለው። "ተግባባን?"

እሺ አልኩ።

ይህንን እዚህ መጻፍ አለብኝ፤ እሺ ነው ያልኩት። ኮሪደሩ ላይ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ነበር የሄድኩት፤ ምንም አልነካሁም እኮ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 10

የዛሬ ነገሮች፦
— ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።
— መብራት አራት ሰዓት ላይ ሄደ።
— ውኃ ከትናንት ጀምሮ የለም።
— ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

ሰይድ ከጅማ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ ያትማል፣ ባነር ይሠራል። የፈተና ወረቀት ላባዛ ነው የሄድኩት። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ነበር። ከማሽኑ እየወጣ ያለውን ባነር አየሁት፤ የዶክተር ገረመው ፎቶ በሱፍና በክራቫት፣ ከጎኑ ግራፉ። ሁለቱ ሹሎች በሰማያዊ፣ ሦስተኛው በቀይ፣ ወፍራም ሆኖ፣ ከሁለቱም አስረዝመው። "ከጋምቤላ ለዓለም" የሚል ጽሑፍ ከሥር።

ሰይድ በደስታ "መምህርት፣ የናንተ ነው አይደል? እንኳን ደስ አላችሁ" አለኝ። የእውነት ተደስቷል። ለቀለሙ ጥራት ሳይቀር ተጨንቋል። አመሰገንኩት። የፈተና ወረቀቴን ሳላባዛ ትቼ ወጣሁ።

ሰናይት ከትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ መጣች። አብራኝ የምትኖር ነርስ ናት፤ በወር አንዴ ለሳምንት ነው ከካምፑ የምትወጣው። የጾም ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። መብላት አቃተኝና ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስለ አቶም ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ይመስለኝ ነበር፤ ወዲያው ገባት።

"ቴርሞሜትሩ ነዋ" አለች። "እኛ ጋ አንዱ ተበላሽቶ ጤነኛውን ሕፃን ሁሉ ትኩሳት አለው ይል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መድኃኒት ሰጠን። ከዚያ በሌላ ስንለካው ምንም የለም።"

አዎ፣ እንደሱ ነው አልኳት።

"ታዲያ ዛሬ ነው ያወቅሽው?"

ሰኞ አልኳት።

አየችኝ። ሰናይት በሽተኛ ሲዋሻት ታውቃለች፤ ሥራዋ ነው። ሳህኔን አነሣች።

እንግዲህ እጽፈዋለሁ። ሰኞ አይደለም ያወቅሁት።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ጽሑፉን ልንልክ ሳምንት ሲቀረን፣ ብቻዬን በቢሮው ኮምፒውተር በጠባብ እርምጃ ሞክሬው ነበር። መሐል ላይ መብራት ሄደ። እስከዚያ ድረስ የተሰላውን ከፈትኩት፤ ሦስተኛው ሹል ከቦታው ፈቀቅ ብሏል። መብራቱ ነው ፋይሉን ያበላሸው አልኩ። እንደገና ማስኬድ ነበረብኝ። አላስኬድኩም። ፋይሉን አጠፋሁት። በገዛ እጄ።

ማወቅ ባልል እንኳ ላለማወቅ ለፍቻለሁ። የቱ እንደሚብስ እንጃ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ሆነ።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ቬንቲሌተር፣ አንዱ የማይሠራ። እንግዶቹ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ስድስት ሰዎች፣ የኛ መምህራን፣ ጥቂት ተማሪዎች። ባነሩ ከኋላ። ኡጁሉ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በብረት የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ።

ስሙ ባነሩ ላይ የለም። ጽሑፉ ላይም የለም ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ ሦስተኛ ስም ነበር። ሊላክ ሲል ዶክተር ገረመው "ተማሪ ነው፣ ምስጋናው ውስጥ እናስገባው" አለኝ። ያን ጊዜም እሺ ብያለሁ። የፕሮግራሙን ግማሽ የጻፈው እሱ ነው። በአቦቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ፣ ለማስተርስ መጥቶ፣ የእኔን የተዝረከረከ ሥራ መስመር በመስመር አቃንቶ።

ዶክተሩ ደህና ተናገረ። እሱን መንሣት አይቻልም፣ መናገር ይችላል። ቀዩ ሹል ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጆቼ ራሳቸውን ችለው ነበር የሚሠሩት።

ከዚያ አንዲት እንግዳ፣ ሽበታቸውን ያልሸፈኑ፣ ቀጭን ሴት፣ እጃቸውን አነሡ። ለስለስ ባለ ድምፅ ነው የጠየቁት። "ሦስተኛዋ በጣም ጠባብ ናት። እርምጃውን አሳንሳችሁ ፈትሻችኋታል ወይ?"

"በሚገባ" አለ ዶክተር ገረመው። "በተደጋጋሚ። ንቅንቅ አላለችም።"

እንዲህ ነው ያለው። ዓይኑ አልተርገበገበም። ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ሁለት ወንበር ርቄ ተቀምጫለሁ፤ ከትናንት ወዲያ በዚህ አፌ ነው የነገርኩት።

ሴትየዋ "ጥሩ ነው፤ የፍተሻውን ሠንጠረዥ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ለተማሪዎቼ ላሳይበት" አሉ። ይላካል አለ።

ዞር ብዬ ኡጁሉን አየሁት። እሱ እኔን እያየ ነበር። ዶክተሩን አይደለም፤ እኔን። ምን ያህል እንደተያየን አላውቅም። መጀመሪያ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ለስላሳ ሲታደል ወጣሁ። ከአዳራሹ ጀርባ የጥላ ዛፍ ሥር አስመለሰኝ። ጾም ላይ ነኝ፣ ምንም አልበላሁም፤ የወጣው መራራ ውኃ ነው። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ውኃ በጆግ አምጥታ "ሙቀቱ ነው የኔ እመቤት" አለችኝ። አዎ፣ ሙቀቱ ነው አልኳት። ያችንም ዋሸኋት።


ዓርብ፣ መጋቢት 12

ሠንጠረዡ ዶክተሩን አጣብቂኝ ውስጥ አስገብቶታል። ሴትየዋ ዛሬ ጠዋት በኢሜይል አስታውሰውታል። የሌለ ሠንጠረዥ መላክ ይፈራል፤ እሳቸው ራሳቸው ማስላት የሚችሉ ሰው መሆናቸውን ከሰዎች ጠይቆ ደርሶበታል። ስለዚህ ሌላ መንገድ አግኝቷል።

አራት ሰዓት ላይ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ደብዳቤ ተቀምጧል፤ የእኔ ስም ከሥር፣ መፈረሚያ መስመር ከላዩ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ተማሪ ኡጁሉ ከአማካሪው ፈቃድ ውጭ ፕሮግራሙን እንደነካካ፤ በዚህም ምክንያት የተሳሳተ ውጤት እንደወጣ፤ አማካሪዋ ማለትም እኔ ይህንን የደረስኩበት በዚህ ሳምንት እንደሆነ፤ የትምህርት ክፍሉ በቅን ልቦና እንዳቀረበው።

ማክሰኞ ያልታዘዘውን ሠራ ብሎ የተቆጣው ኡጁሉ ሹሉ ውሸት መሆኑን ስላሳየ ነው። ዛሬ ደግሞ ውሸቱን ያመጣው እሱ ሆነ። ክብሩ ሲከፋፈል ምስጋና ውስጥ ያስገቡትን ሰው፣ ጥፋቱ ሲከፋፈል የመጀመሪያውን ቦታ ሰጡት።

"ማስተርሱን ሊያጣ ይችላል" አልኩት።

"ይዘገያል እንጂ አያጣም። ደግሞ እነሱ መንገድ አያጡም፤ ክልሉ የራሳቸው ነው፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ይገባል። አንቺና እኔ ነን መሄጃ የሌለን።"

"እነሱ" እና "አንቺና እኔ"። ይህንን ሲል ወደ እኔ ዘንበል አለ። ሁለታችንም ከደጋ የመጣን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንስም፣ አንድ ማዕድ የምንቆርስ ሰዎች ነን በሚል መቀራረብ። የምሳው ሽታ አፉ ላይ ነበር። በሕይወቴ ውስጥ ሰው እንዲህ ቀፍፎኝ አያውቅም። ከሁሉ የቀፈፈኝ እፈርማለሁ ብሎ መተማመኑ ነው። ለምን አይተማመን? ሁለት ጊዜ እሺ ብዬዋለሁ።

"ላስብበት" ብዬ ደብዳቤውን ይዤ ወጣሁ።

ላስብበት። እንደ እሺ ባይሆንም እምቢም አይደለም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ለኡጁሉ ደወልኩለት። ከድልድዩ በታች፣ ባሮ ዳር፣ ማንጎው ሥር ተገናኘን። ወንዙ በበጋ ቀንሶ አሸዋው ወጥቷል። ሰዎች መኪና ያጥባሉ፣ ዘይቱ ውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ይሄዳል፤ ዝቅ ብሎ ልጆች ይዋኙበታል። እሱን እያየሁ መናገር ቀለለኝ።

ደብዳቤውን ሰጠሁት። አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳይዘል አነበበው። ሲጨርስ አጥፎ መለሰልኝ።

"ፈረምሽ?"

አልፈረምኩም አልኩት። አልፈርምም።

ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ጥሩ ሰው ሆኜ ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር። ታኅሣሥን ነገርኩት። መብራቱን፣ ፈቀቅ ያለውን ሹል፣ ያጠፋሁትን ፋይል።

ኡጁሉ "እርስዎ" አይልም፤ እዚህ አብዛኛው ሰው አይለውም። "አንቺ" ነው የሚለኝ። ከብዙ ሰው "እርስዎ" ይልቅ የእሱ "አንቺ" ውስጥ አክብሮት ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ግን አልነበረም።

"አንቺ ታውቂ ነበር" አለኝ።

ጠርጥሬ ነበር አልኩ።

"አይደለም። ታውቂ ነበር። ሳታውቂ ፋይል አይጠፋም። ሦስት ወር እኔ ያንን ሹል አስተካከልኩ። ለምን ቆንጆ አይሆንም ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ሰኞ ሲጠፋ እኔ አበላሸሁት ብዬ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት። አዝናለሁ ያልኩሽ ለዚያ ነው።"

ደብዳቤውን ደግሜ አጠፍኩት።

"ስሜን ወደ ምስጋናው ሲያወርዱት እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልክ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። አንቺ ዝም ስላልሽ ነው። አንቺ ዝም ካልሽ ትክክል ይሆናል ብዬ።"

ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰማኝ። ይቅር ብያለሁ አላለም፣ አልልም አላለም። የሚሸጥ ዓሣ የያዘች ሴት ስታልፍ አስቁሞ አንድ ገዛና ወደ እኔ ዘረጋው፤ እንደ ልማዱ። ከዚያ ጾም መሆኔን አስታውሶ እጁን ሰበሰበ። "ለእናቴ እወስዳለሁ" አለና ወደ አቦቦ መኪና ሄደ።

እዚያው ቆየሁ። ዶክተሩን ሳምንቱን ሙሉ ተጸየፍኩት። ለመጸየፍ ቀላል ሰው ነው፤ ስንጥሩ፣ አፉ፣ ባነሩ። ከእሱ ጋር የሚያመሳስለኝን ነገር፣ እሱ ከጥርሱ መሐል ያወጣውን እንደሚያይ፣ አወጣሁና አየሁት። በእውነት የሚያስጸይፈው ያ ነው።


እሑድ፣ መጋቢት 14

ከቅዳሴ መልስ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አረምኩት፤ መጀመሪያ ረጅም ነበር፣ ሰበብ የበዛበት። መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦

ሦስተኛው ሬዞናንስ የስሌት ስህተት ነው፤ እርምጃው ሲጠብ ይጠፋል። ሁለቱ የታወቁት ይቆማሉ። ጽሑፉ እንዳይታተም እጠይቃለሁ። ስህተቱን ያገኘው ኡጁሉ ነው፤ ከደራሲዎቹ ዝርዝር መውጣቱ ትክክል አልነበረም፣ እኔም ተስማምቼበት ነበር። ከመላኩ በፊት የምጠራጠርበት ምክንያት ነበረኝ፤ አልገለጽኩትም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አጥፍቼ አራት ጊዜ መለስኳት። ሰናይት ትከሻዬ ላይ ሆና እያነበበች "እሷን ካጠፋሻት የቀረው ክስ ነው" አለችኝ። ተውኳት።

ኔትወርክ የለም። ሰይድ ጋ ሄድኩ፤ እሱ ሁልጊዜ መላ አያጣም። ስልኩን ከሱቁ ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ኔት ሰጠኝ። አንድ ቅጂ ለመጽሔቱ፣ አንድ ለዶክተር ገረመው፣ አንድ እርምጃውን ለጠየቁት እንግዳ፣ አንድ ለኡጁሉ። ከኡጁሉ ሦስት ግራፎች ጋር።

"መልካም ዜና ነው?" አለኝ ሰይድ።

"ባነሩ ውሸት ነው ሰይድ። ሦስተኛው የለም።"

አሰበ። "ቀዩ?"

"ቀዩ።"

"እኔ ነኝ እኮ ያረዘምኩት" አለ ደንግጦ። "ዶክተሩ ትንሽ ከፍ አድርጋት ሲለኝ።"

ሳቅኩ። በሳምንቱ ውስጥ የመጀመሪያው ነው።


ሰኞ፣ መጋቢት 15

ዶክተር ገረመው በሩን ሳያንኳኳ ገባ። አልጮኸም። የሚጮህ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

"የሠራሽውን ታውቂዋለሽ?" አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት።

"የኔን ብቻ አይደለም ያፈረስሽው። የራስሽን ነው። ከዚህ በኋላ ማን ያምንሻል?"

ጥያቄው ተገቢ ነው። ደብዳቤውን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠሁት፣ ሳይፈረም። ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ ለአፍታ ያረጀ ሰው መሰለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመኔ አስተምሮ አንድ ነገር በስሙ እንዲቀር የተመኘ ሰው። ልጸየፈው ፈለግሁ፣ እንደ ሰሞኑ አልመጣልኝም። አሳዘነኝ ማለቴ ግን አይደለም። "እነሱ" ያላትን አልረሳኋትም።

ከሰዓት ደብዳቤ ደረሰኝ። ረቡዕ ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ። እስከዚያ ተማሪ ማማከር አቁሜ፣ ማስተማሩን ግን እንድቀጥል። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱን በስም ብቻ ነው የማውቃቸው።

መጽሔቱ አልመለሰም። ኡጁሉም አልመለሰም። በዋትስአፕ የላክሁለት ላይ ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ወጥተዋል፤ አንብቦታል።

የምፈራቸው፦
— ከሥራ መባረር
— ኡጁሉ ማስተርሱን ትቶ ይቀራል
— የኡጁሉን ስም ከኔ ጋር አያይዘው ያበላሹታል
— ይህንን ሁሉ ያደረግሁት ለእውነት ሳይሆን ራሴን ለማንጻት ነው

የመጨረሻውን ማንን እጠይቃለሁ?


ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ጠዋት ደመነ። ዝናብ አልጣለም፣ ግን ሙቀቱ ትንሽ ረገበ። ሁለቱን ክፍሎች አስተማርኩ፤ ዛሬ ምን እንዳስተማርኩ አስታውሳለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ እንግዳዋ ሴት ደወሉ። ራሳቸውን አስተዋወቁና ብዙ ሳያወሩ፦ "እኔም እርምጃውን አሳንሼ ሞከርኳት። የለችም። ኮሚቴው የባለሙያ ቃል ከፈለገ እጽፋለሁ። ስለ ሥራው ነው የምጽፈው፤ ስለ ሰው አይደለም" አሉኝ። ከዚያ፦ "ልጁን ንገሪው፣ የራሱን ሹል የሚያጠፋ ተማሪ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።" ልጁ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው አልኳቸው። ሳቁ።

መጽሔቱም መለሰ። ሁለት መስመር ነው። ኅትመቱን አቁመናል፤ የሁሉንም ደራሲዎች ማብራሪያ እንጠብቃለን። "የሁሉንም" ሲሉ ዶክተሩንም ጭምር ነው። ምን እንደሚጽፍ እግዜር ይወቅ።

ማማከር ተከልክያለሁ፤ መሥራት ግን አልተከለከልኩም። ለኮሚቴው ይሆናል ብዬ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፦ በየእርምጃው ስፋት ሦስቱ ሹሎች የት እንደወጡ። ሁለቱ ዓምዶች ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው የሚሸሽ፣ ከዚያ ባዶ። ማንም ቢያየው የሚገባው። የራሱ ሥራ ስለሆነ ለኡጁሉም ላክሁለት። መልስ ጠብቄ አይደለም፤ ሳያየው ኮሚቴ ፊት ማቅረብ ስለሌለብኝ ነው።

ሰናይት ወደ ካምፑ ተመለሰች። ስትሄድ "ረቡዕ ቁርስ በልተሽ ሂጂ" አለችኝ። ጾም ነው ስላት "አውቃለሁ፤ በሶ አስቀምጬልሻለሁ" አለች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ኡጁሉ ነው፣ ከአቦቦ። እንዳለ እጽፈዋለሁ፦

"ቲቸር፣ ሠንጠረዡን አየሁ። አራተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ቁጥር አቀያይረሻል። እንዲህ ከቀረበ ይጥሉናል። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፣ ከኮሚቴው በፊት አብረን እናስተካክለው።"

አራተኛውን ረድፍ አየሁት። ልክ ነው። አቀያይሬዋለሁ።

ይጥሉናል ነው ያለው። ይጥሉሻል አላለም።